ስንተኛ ወጣች?

ከበቡሽን ያሳረራት ጉርዱ ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ መደብ ያለው ሽንሽን ጉርድ፣ ከላይ ነጭ ሸሚዝ፣ በሸሚዙ ኪስ ላይ በቢጫ ክር የተጠለፈ መስቀል። የዓለምጌጥ ልጅ ምሥራቅ ረቡዕ ረቡዕ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው ይሄንን ለብሳ ነው። የሌላው ሰው ልጅ ቤቱ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ቀይሮ ሲመጣ እሷ ከነዩኒፎርሟ! «ጊዜ አጥሮን ነው» ትላለች እናቲቱ። ትምህርት የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት፣ ጸሎት የሚጀመረው ምሽት አንድ ሰዓት፤ በመሃል ያለውን ጊዜ ጅብ በላው? ከበቡሽ እንዲህ እያለች ነበር የምትጸልየው። አጎንብሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላው ጉርዱን እያየች።

ይሄን የሰማ ሰው ከበቡሽን ክፉ ሴት አድርጎ እንዳይስላት። ሰው ሲታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈረንጅ ባልቴቶች እጇን አንዴ ከያዙ አይለቋትም። ቅናቷም ቢሆን ለሁሉም ሰው አይደለም። ዳላስ ውስጥ ስንት ባለ ትልቅ ቤት፣ ስንት ባለ መርሴዲስ ሐበሻ አለ፤ ዘወር ብላ አታየውም። የምትቀናው በዓለምጌጥ ብቻ ነው። ቅናት እንዲህ ነው፤ ከሩቅ ሰው ጋር ጉዳይ የለውም፣ ባንድ ትሪ አብሮን የበላው ላይ ነው የሚብሰው።

ሁለቱ ሴቶች ከሱዳን የመጡት ባንድ አውሮፕላን ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ባንድ ፍራሽ ተኝተው፣ አንድ ካፖርት በፈረቃ ለብሰው ነው አሜሪካን የጀመሯት። ሲያገቡ ተከታትለው አገቡ፣ ሲወልዱም ተከታትለው ወለዱ። ዓለምጌጥ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የስጦታ ዕቃ ሱቅ በጠዋት ስትገባ ምሥራቅን ለከበቡሽ ትታ ትሄዳለች፤ ከበቡሽም የራሷን ልጅ እስከዳርን ባንዱ ጡቷ፣ ምሥራቅን በሌላው አድርጋ ታጠባለች። ከሰዓት ከበቡሽ ሥራ ስትገባ ደግሞ ተራው የዓለምጌጥ ነው። ሁለቱ ልጆች ማን ከማን እንደጠባ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ከቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤትም አብረው ገቡ፣ አንድ ክፍል ተቀመጡ። ታዲያ ሁለተኛ ክፍል እያሉ፣ ትምህርት ቤቱ ከገና ዕረፍት ሲመለስ ምሥራቅ የለችም። ከበቡሽ ታማ መስሏት ደወለች።

«አይ፣ ደህና ናት» አለች ዓለምጌጥ። «ፋርመርስ ብራንች ያለው ክርስቲያን ስኩል አስገባናት። ጌታ በር ከፈተልን።»

ጌታ በር ከፈተልን! የአንዷ ራስ ምታት ሳይቀር ለሌላዋ ሲነገር በኖረበት ቤት፣ በሩ ሲንኳኳም ሲከፈትም ከበቡሽ አልሰማችም። ለምን አወጣሻት ብትላት መልሱ «እንዲሁ፣ ማለቴ፣ ለልጅቷ ይሻላል ብለን» ሆነ። ይሻላል። ከምን ነው የሚሻለው? ከእስከዳር ትምህርት ቤት ነዋ! ለእስከዳር የበቃው ለምሥራቅ አነሳት ማለት ነው። ከበቡሽ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያቺ «ይሻላል» የምትል ቃል ግን ሆዷ ውስጥ አልፈጭ ብላ ተቀመጠች።

ከበቡሽ አንድ ስጦታ ነበራት፤ የሰው አነጋገር መቅዳት። ፓስተሩን ከነሳሉ፣ የመጦሪያውን አለቃ ከነአረማመዷ ስታመጣቸው የሞተ ያስቃል። እራት ላይ ምሥራቅንም ትቀዳት ነበር። ምሥራቅ አፍ ከፈታች ጀምሮ ምላሷ ይያዛል፤ ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ እምቢ ይላታል። ከበቡሽ አገጯን ሽቅብ ታነሣለች፣ አንድ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች፣ መዳፏን ደረቷ ላይ ትለጥፍና «እ-እ-እኔ… ው-ው-ው…» እያለች ውሃ ሳትጠይቅ ትቀራለች። መዳፉ የራሷ ጭማሪ ነው። ምሥራቅ ደረቷን ይዛ አታውቅም፤ ቀልዱን ያሳመረው ግን እሱ ነበር። እስከዳር ወተቱ በአፍንጫዋ እስኪወጣ ትስቃለች።

«ተይ አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ልጅ ነው» ይላል ባሏ ጳውሎስ፣ እሱም ፈገግ እያለ።

«የምን የሰው ልጅ? ያጠባኋት ልጄ ናት፤ ፍቅሬ ነው!»

ይሄ ከጉርዱ በፊት የነበረ ጨዋታ ነው። ከጉርዱ በኋላ ጨዋታው ውስጥ ትንሽ በርበሬ ገባበት።

ነገሩ የፈነዳው ትምህርት በተዘጋ በሳምንቱ እሑድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አባባ መኳንንት የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ደሴ ከተማ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ። በየዓመቱ በዚያ እሑድ ልጆቹን ሁሉ መድረክ ላይ ያሰልፉና ማይክራፎን እያስጠጉ «ስንተኛ ወጣህ? ስንተኛ ወጣሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ መርቀው እስክሪብቶ ይሸልማሉ። አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት ደረጃ እንደማይሰጥ ስንት ጊዜ ተነግሯቸዋል። «ደረጃ ከሌለው ሰነፉ በምን ያፍራል?» ነው መልሳቸው። ወላጁም ቢሆን በልቡ ከሳቸው ጋር ነው። ደረጃ የሌለው ካርድ ይዞ ልጄ ጎበዝ ናት ማለት ለሐበሻ ይከብደዋል።

እስከዳር ተራዋ ደረሰ።

«ስንተኛ ወጣሽ የኔ ልጅ?»

«እኛ ደረጃ የለንም፤ ሁሉም ጉድ ጆብ ነው» አለች እስከዳር ደስ ብሏት። አዳራሹ ሳቀ። ከበቡሽ ግን አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ቀጥላ የቆመችው ምሥራቅ ነበረች፣ እሑድም ሆኖ ከነጉርዷ። አባባ መኳንንት ማይክራፎኑን ገና ሳያስጠጉ ዓለምጌጥ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አንደኛ ናት አባባ! አንደኛ!» አለችና ወደ መድረኩ ሮጣ፣ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ልጇን በእጇ ይዛ ወሰደቻት። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። «ይሄ ነው ትምህርት ቤት ማለት!» አሉ አባባ መኳንንት።

ከበቡሽ አጨበጨበች። እንዴት እንዳጨበጨበች እጆቿ ያውቃሉ። ልጅቷ እንኳ በራሷ አፍ እስክትናገር መታገሥ አቃታት! አንደኛነቱን ሌላ ሰው ሊቀማት ይመስል ዘላ ተነሳች! እያለች ቤቷ ድረስ ስታጉረመርም ሄደች።

ማግስቱን የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበረች። የእስከዳር መምህር ክፍሏን እየጠራረገች አገኘቻት። መምህሯ የእስከዳርን ሥዕሎች አወጣች፣ ያነበበቻቸውን መጻሕፍት ቆጥራ አሳየች፣ ሰው ፊት ቆማ መናገር እንደምትወድና ክፍሉን ሁሉ እንደምታስቅ ነገረቻት።

«ኦኬ፣ ግን ስንተኛ ናት?» አለች ከበቡሽ።

መምህሯ ልጆችን እርስ በርስ አናወዳድርም አለች፣ ፈገግ ብላ። ያቺ ፈገግታ ናት ነገሩን ያበላሸችው። ከበቡሽ ባደገችበት አገር የመጨረሻው ልጅ እንኳ መጨረሻ መሆኑ አይደበቅበትም። የሚደብቁት ነገር ባይኖር ይደብቁ ነበር? አንደኛውን ያወጣው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ የመንግሥቱ ፈገግ ይላል። አለቀ።

ያን ቀን ማታ ለጳውሎስ ነገረችው። ጳውሎስ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ወሬ ሲሰማ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ብዙ አይናገርም። ያን ቀን ግን ተናገረ።

«ሰው ለዚህ ትምህርት ቤት ብሎ ነው እዚህ ሰፈር ቤት የሚገዛው። የቤት ታክስ የምንከፍለው ለማን መሰለሽ? ልጅቷ ደግሞ ደስ ብሏት ሄዳ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ያው የመንግሥት ነው። እኔ ያደግሁበትን አውቀዋለሁ። ሰባ ልጅ ባንድ ክፍል፣ አራት ልጅ ባንድ ዴስክ። ዛሬ ሰው የሆኑት የሚሲዮን ተማሪዎቹ ናቸው።»

«ያ ደብረ ብርሃን ነው። ይሄ ቴክሳስ ነው።»

«መንግሥት የትም መንግሥት ነው!»

ጳውሎስ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ የምታስገቢያት ለእስከዳር ብለሽ ነው ወይስ ለዓለምጌጥ?» አላት።

ከበቡሽ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ፈረቃ እገባለሁ፣ ከአንተ ምንም አልጠይቅም አለችው። እስከዳር በበኩሏ ክፍሏ ገብታ፣ ከጓደኞቼ አትለዩኝ ብላ ትራሷ ውስጥ አለቀሰች። የልጅ ለቅሶ በጋ ሳያልፍ ይረሳል ብላ እናቷ አልሰማቻትም።

ለዓለምጌጥ የነገረቻት ከአምልኮ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ነው። ይሄንን ደቂቃ ለብዙ ቀን ስታጣጥመው ቆይታለች።

«እህቴ፣ እስከዳርንም እናንተ ጋ ልናመጣት ነው። ስኩሉን ኮል አድርጌ አፖይንትመንት ሰጥተውኛል፤ ሐሙስ ሄዳ ትፈተናለች። እንግዲህ እንደ ድሮው አብረው ሊሆኑ ነው!»

የዓለምጌጥ ፊት አመድ መሰለ። የመኪናዋን ቁልፍ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ከቡ… ሌላ ስኩል ብታዪ አይሻልም? ማለቴ፣ ብዙ ጥሩ ጥሩ ስኩል አለ።»

«ምን ነካሽ? ላንቺ ጥሩ የሆነው ለኔ አይሆንም?»

«እሱማ… እስቲ ጸልዪበት» አለችና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ጸልዪበት! ከበቡሽ ድብን አለች። ጌታ የከፈተው በር ለካ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው! ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም። አንድ ካፖርት አብራኝ የለበሰች ሴት፣ በጡቴ ያሳደግሁላት ሴት፣ ዛሬ ልጄ ከልጇ ጎን እንዳትቀመጥ ልትከለክለኝ? ከዚህ በኋላ እስከዳር እዚያ ትምህርት ቤት ካልገባች ከበቡሽ የዓለምጌጥን ዓይን ቀና ብላ የምታይበት ዓይን የላትም። ልብስ ሰፊው ጋ ሄዳ፣ ልጅቷ ገና ሳትፈተን፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጉርድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀች።

ሐሙስ ደረሰ። የሐምሌ ሙቀት አስፋልቱን ያቀልጠዋል። ትምህርት ቤቱ ከመጋዘኖቹ ረድፍ ጀርባ ነው፤ ሕንፃው ራሱ ድሮ የቤት ዕቃ መጋዘን የነበረ፣ መስኮቱ ጥቂት፣ ሜዳው አንዲት ዥዋዥዌ ብቻ ያለችው። የእስከዳር የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሜዳው፣ ከቤተ መጻሕፍቱና ከሙዚቃ ክፍሉ ጋር ዓይኗ ላይ ድቅን አለባት። ቅናት ግን ዓይን አለው እንጂ ማየት የለውም። «ጸጥ ያለ ነው፤ ለትምህርት ይመቻል» አለች ለራሷ።

ዓለምጌጥ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የኤርፖርቱ መታወቂያ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከበቡሽ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ኤሲውን ለእስከዳር ትታ፣ የመኪናውን በር ዘግታ ወጣች።

«ከቡ፣ በጌታ ይዤሻለሁ፣ እዚህ አታስገቢያት።»

«ስኩሉን ገዝተሽዋል?»

«አልገዛሁም።»

«ታዲያ የኔ ልጅ ገብታ አንደኛነቱን እንዳትቀማብሽ ነው?»

ዓለምጌጥ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ከአፏ ወጣ።

«የምን አንደኛ? እዚህም እኮ ደረጃ የለም። አባባ መኳንንት ማይኩን አፏ ላይ ሊደቅኑባት ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያያት ቃሉ ሊያንቃት ነበር። ቶሎ እንዲያልፏት ብዬ አፌ ላይ የመጣውን አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ቤቱ ውስጥ ነው የዋሸሁት።»

በጋውን ሙሉ ከበቡሽን ሲበላት የከረመው አንደኛነት እዚያው አስፋልቱ ላይ ተነነ። እፎይ ማለት ሲገባት ይልቁንም ተናደደች። ሰው የተናደደበት ነገር ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ይብስበታል።

«ታዲያ ደረጃ ከሌለው ምን ፍለጋ አመጣሻት? ምንድነው ከኔ የምትደብቂው?»

ዓለምጌጥ ወደ መኪናው አየች። እስከዳር የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ታነባለች።

«እዚያ ይስቁባት ነበር። ስትናገር ይቀዷታል። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትለኛለች፤ ሐኪም ቤት ስወስዳት ምንም የለባትም። በኋላ ጭራሽ መናገር ተወች። ቤት ውስጥ እንኳ፣ ለኔ ለእናቷ እንኳ፣ ራሷን ነቅንቃ ነበር የምትመልስልኝ። አሁን ክፍሏ ውስጥ ስድስት ልጆች ናቸው፤ ተናግራ እስክትጨርስ ይጠብቋታል። ዩኒፎርሙን አውልቂ ስላት እምቢ ትላለች፤ እሱን ስለብስ አልፈራም ነው የምትለኝ።»

ከበቡሽ ስለ ጉርዱ ያሰበችውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አስታወሰችና ዓይኗን ሰበረች። ግን ምላሷ ገና አልተሸነፈም።

«ለምን ለቲቸሯ አልነገርሽም? ማን ነው ሲቀዳት የነበረው?»

ዓለምጌጥ የመታወቂያዋን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ማን ነው እኮ?»

«እስከዳር ናት፣ ከቡ።»

ከመጋዘኖቹ በኩል አንድ ትልቅ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል። ዓለምጌጥ ጩኸቱ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ልጅ ናት፤ አልተቀየምኳትም። ሌሎቹ ከሷ ነው ያዩት። ስትቀዳት በጣም ነው አሉ የምታስቀው። ለቲቸሯ ብነግር እስከዳርን መክሰሴ ነው። ላንቺ ብነግር ደግሞ… ልጄን ያጠባሽልኝ ሴት ነሽ። እንዴት ብዬ? ዝም ብዬ ላውጣት አልኩ። አሁን ግን እዚህ ከመጣችባት ምሥራቅን የማስገባበት ሌላ ቦታ የለኝም።»

«ውሸት ነው» አለች ከበቡሽ። ድምፅዋ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «የኔ ልጅ እንደሱ ዓይነት ልጅ አይደለችም። ቤቷ ውስጥ እንደሱ ዓይነት ነገር…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሷ አፍ ያወጣው የት ድረስ እንደሄደ ልታውቅ ገና አልፈቀደችም። ዘወር ብላ ወደ መኪናው ተራመደች። እስከዳር «እኔ አይደለሁም» እንድትላት ነበር የምትሄደው። ያንን አንድ ቃል ብቻ። ያንን ካለቻት ልጇን ይዛ በዓለምጌጥ ፊት ቀጥ ብላ ትገባለች።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ቀዝቃዛው አየር ፊቷን መታት።

«እስኩ፣ ስሚኝ። ምሥራቅ ድሮ እናንተ ክፍል እያለች፣ ክላስ ውስጥ ምን እያልሽ ነበር የምትቀጃት?»

እስከዳር መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስተኛች። የተቆጧት አልመሰላትም። እንዲያውም ፊቷ በራ፤ እናቷ ከሷ ጋር ከተጫወተች ቆይታለች።

«ያንቺን ጆክ ነው? ኦል ዘ ኪድስ በጣም ይወዱት ነበር!»

አገጯን ሽቅብ አነሳች። አንድ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ትንሿን መዳፏን ደረቷ ላይ ለጠፈችና «እ-እ-እኔ… ው-ው-ው…» አለች። ከነመዳፉ። ምንም አላጎደለችም።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች፤ ስማቸውን እየጠራች በእጇ ኑ ትላቸዋለች። ዓለምጌጥ እዚያው ፀሐዩ ላይ ቆማለች። ከበቡሽ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች።

እስከዳር መዳፏን ከደረቷ ገና አላነሳችም። እናቷ እስክትስቅ እየጠበቀች ነበር።